የቢታን እሑድ የወሰድኩት እኔ ነኝ

ከዚህ በታች የምጽፈውን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ነገር ግን ኳስ አያውቁም፤ ኃጢአቴን ከመናገሬ በፊት ስለ ዙር ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ላስረዳቸው ነው። ለጓደኛም አልተናገርኩም። ለሚስቴማ ጭራሽ። ስለዚህ እናንተን መረጥኩ። አታውቁኝም፤ ቦንጋ መናኸሪያ ትከሻ ለትከሻ ብንጋፋ እንኳ እኔ መሆኔን አታውቁም። ለሚናዘዝ ሰው ከዚህ የሚመች ምን አለ?

ቶሎ ልበለውና ይውጣልኝ። እሑድ ወስጃለሁ። የሰው እሑድ፤ የቢታ ገነት ኮሌጅ ቡድንን እሑድ። ወስጄም ሲያበቃ "ኮምፒዩተር ነው" ብያለሁ። ፈገግ አላችሁ አይደል? እኔም ስጽፈው ፈገግ ብያለሁ። ተፈጥሮዬ ነው፤ በራሴ ላይ ስፈርድ እንኳ ፊቴ አይጨፈግግም። ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ እንደ ፈለጋችሁ ትስቃላችሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ተመርቄ ቦንጋ የስፖርት መምህር ሆኜ ስመደብ ብርዱን የት አባቱ ብዬ መጣሁ፤ ዝናቡን ግን አላሰብኩትም ነበር። ቦንጋ ገብቼ የገዛሁት የመጀመሪያ ዕቃ ዣንጥላ ነው። ሁለተኛውም ዣንጥላ ነው፤ የመጀመሪያው ተሰብሮ። ሰዎቹ ግን በዝናቡ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፣ በዝናቡ ውስጥ ቆመው ያያሉ፣ በዝናቡ ውስጥ ዳኛ ይሰድባሉ። ወድጄያቸው ቀረሁ።

በዚያን ጊዜ የአካባቢው ኮሌጆች እርስ በርስ የሚጫወቱበት ትንሽ ሊግ ነበር። አራት ቡድን ብቻ፤ ሁለቱ ከቦንጋ፣ አንዱ ከሺሺንዳ፣ አንዱ ከዋጫ። እኔ የሊጉ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። የተመረጥኩት ችሎታዬ ታይቶ እንዳይመስላችሁ፤ ስብሰባው ላይ ዘግይቼ ስለገባሁ ነው። ማንም ያልፈለገው ሥራ ላልነበረው ሰው ይሰጣል። የጸሐፊው ሥራ ደግሞ ዋናው መርሐ ግብር ማውጣት ነው፤ ማን ከማን፣ መቼ፣ የት። ለአራት ቡድን መርሐ ግብር ማውጣት ለአራት ሰው ሻይ እንደ ማዘዝ ነው፤ ቀላል ነበር።

ከዚያ ሊጉ ይስፋ ተባለ። ሦስት አዲስ ኮሌጆች እንዲገቡ ቦንጋ ላይ ጉባኤ ተጠራ። ከሦስቱ አንዱ የቢታ ገነቱ ነበር፤ የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ደግሞ ጋሽ ኮቺቶ።

ጋሽ ኮቺቶን ላስተዋውቃችሁ። የእንጨት ሥራ መምህር ናቸው፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ስብሰባ ላይ እንኳ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው የማያወልቁ። የኮሌጃቸውን የጎል ምሰሶዎች ራሳቸው ጠርበው፣ ራሳቸው ቆፍረው የተከሉ ሰው ናቸው። በየዓመቱ ሳይጠሩ እየመጡ ከጉባኤው ኋላ ይቀመጡና "ሌሎች ጉዳዮች" ላይ ሲደረስ እጃቸውን አውጥተው ቢታም ይግባ ይላሉ። በየዓመቱም ይታሰብበታል ይባላሉ። በዚያ ዓመት እሺ ሲባሉ ቆመው አዳራሹን ሁሉ አንድ በአንድ ጨበጡ፤ በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ሳይቀር። እኔን ሁለት ጊዜ ጨበጡኝ።

እንግዲህ ሰባት ሆንን። ሰባት ደግሞ ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ሁሌ አንዱ ያለ ተጋጣሚ ይቀራል። ለዚህ ዘዴ አለው። ስምንተኛ ቡድን በሐሳባችሁ ትፈጥራላችሁ፣ ስሙን "እረፍት" ትሉታላችሁ፣ እሱ የደረሰው በዚያ ሳምንት ያርፋል። ከዚያ አንዱን ቡድን ባለበት ትተክሉና ሌሎቹን ዙሪያውን ታሽከረክራላችሁ፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይዳረሳል። ይህን ዘዴ የሚያስተምረኝ ሰው አላስፈለገኝም፤ የሚያስቸግረው እሱ አይደለም። የሚያስቸግረው አገሩ ነው። ቡና በሚለቀምበት ሰሞን ተጫዋች አይገኝም። ፈተና አለ። ዝናብ አለ። ከሁሉ በላይ ገበያ አለ።

ገበያ ስላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣው ሰው ፈረሱንና በቅሎውን የሚያስረው የት ነው? ለጥ ያለ ቦታ ላይ። ለጥ ያለ ቦታ የቱ ነው? ኳስ ሜዳው። ስለዚህ በገበያ ቀን ኳስ ሜዳው የፈረስ ነው። መኪናው ደግሞ የነጋዴ ነው፤ አይሱዙውም ሚኒባሱም ማርና ቡና ሲጭን ነው የሚውለው፤ አሥራ ስምንት ጎረምሳ ከነኳሱ የሚጭን የለም። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ በከተማው ገበያ ቀን እንግዳ መቀበልም እንግዳ ሆኖ መሄድም አይችልም። የሌሎቹ ከተሞች ገበያ በሥራ ቀን ነበር። የቢታ ቅዳሜ ነበር። ሊጉ የሚጫወተውም ቅዳሜ።

ጉባኤው ይህን ያውቃል፤ መፍትሔም አበጅቶለት ነበር። እሑድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም፤ ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ጨዋታ ብቻ እንዲደረግ ፈቀዱ፤ እሱም "ለቸገረው ኮሌጅ"። የቸገረው ማን እንደ ሆነ ስም አልጠሩም። ምን ያደርጋል ብለው? ሁሉም ያውቀዋላ። ጋሽ ኮቺቶ ከፊት ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። በዚህ አገር ሁሉም የሚያውቀውን ነገር መጻፍ ሰውን እንደ መጠርጠር ነው የሚቆጠረው። እነሱ አልጠረጠሩኝም። እኔም በዚያች ባልተጻፈች ቦታ ገባሁ።

ለምን? አስቴር ነቻ!

አስቴር የዋጫው ኮሌጅ የሒሳብ መምህርት ነበረች። ያወቅኳት የዋጫ ጨዋታ ልታዘብ ሄጄ ነው፤ ዣንጥላዋን እየነቀነቀች ዳኛውን ከጨዋታ ውጪ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ስታስተምረው። ልክ ነበረች፤ ዳኛው ተሳስቶ ነበር። ኋላ ወደ እኔ ዞራ "አንተስ ምን ትታዘባለህ፣ ይህ ካልታየህ?" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የታዘብኩት ሌላ ነገር የለም። እንዴት ላግኛት ስል ቅዳሜ የኤክስቴንሽን ተማሪዎች እንደምታስተምር ነገረችኝ። ቅዳሜ ተይዛለች፤ እሑድ ነፃ ናት፤ እኔ ደግሞ መርሐ ግብር አውጪ ነኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሳትገምቱት አትቀሩም፤ ግን ራሴ ልናገረው። እኔ፣ በገዛ እጄ፣ በእርሳስና በላጲስ፣ መምህራን ክበብ ውስጥ ተቀምጬ፣ ዋጫ በሜዳዋ የምትጫወትበትን ሳምንት ሁሉ እሑድ ላይ አደረግኩት። ጥርጣሬ እንዳይነሳ በቀሩት ሳምንታት እሑዱን ለሌሎቹ አዳረስኩ። በእሑዱ የዋጫ ጨዋታ ሁሉ የሊጉ ኮሚሽነር ሆኖ የሚሄደውን ሰው መደብኩ፤ ሰውየው እኔ ነኝ። የቢታን ጨዋታ ሁሉ ቅዳሜ ላይ ጣልኩ። ስጥለው አላወቅኩም ነበር ማለት እችላለሁ? አልችልም። እርሳሴ ቢታ ላይ ሲደርስ ቆሞ ነበር። ጥቂት አሰብኩ። አንድ ዓመት ነው፣ ይችሉታል አልኩ። ስለ ማን ሆኜ ነው ይችሉታል ያልኩት?

ከዚያ በኮሌጁ ኮምፒዩተር ጻፍኩት፤ ዙሪያውን ባለ አበባ መስመር አስገባሁበት፤ በቀለም አተምኩት። እንዲህ አምሮ የታተመ ነገር አገሩ አይቶ አያውቅም ነበር። ሊቀመንበሩ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ማን ሠራው ሲሉኝ ኮምፒዩተሩ አልኩ። ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። ውሸቴ የተወለደችው እንዲህ በደስታ መሃል ነው፤ ስትወለድ ምንም አላመመኝም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ቢታ ቦንጋ መጥቶ ሊጫወት ነበር፤ መኪና አጥቶ አልመጣም። ፎርፌ። በሳምንቱ መሃል ጋሽ ኮቺቶ ብቻቸውን ቦንጋ ድረስ መጡ። በጭቃ የተለወሰ ቦቲ ጫማቸውን የኮምፒዩተር ክፍሉ በር ላይ አውልቀው በካልሲ ገቡ። ማሽኑ ለዝናብና ለአቧራ ተብሎ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። እሳቸው ከጨርቁ ፊት ቆመው፣ ከእኔ ይልቅ ለሱ የሚናገሩ እስኪመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"መምህር፣ ቅዳሜ እኮ ገበያችን ነው። መኪናው የነጋዴ፣ ሜዳው የፈረስ። እሑዱን ለኛ ታስቡታላችሁ ብዬ ነበር" አሉኝ።

አሁን መናገር እችል ነበር። ላጲሱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ? መርሐ ግብሩን ያወጣው ኮምፒዩተሩ ነው፣ አንዱ ከተነካ ሌላው ሁሉ ይበላሻል አልኩ። ፊቴ አልቀላም። እንዲያውም ስለ ማሽኑ አሠራር ሁለት ሦስት ነገር ጨመርኩላቸው።

ጋሽ ኮቺቶ ጨርቁን ቀስ ብለው በጣታቸው ነኩት።

"እንግዲህ ማሽን ዘመድ የለውም" አሉ። "እኔ ደግሞ ሰው አድልቶብን ይሆን ብዬ ክፉ አስቤ ነበር። ይቅር በለኝ ልጄ።"

ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔን! እኔም "ኧረ ምንም አይደል ጋሽ ኮቺቶ" አልኩ። ይቅር አልኳቸው። ይህችን አትርሱብኝ፤ የዚህ ኑዛዜ ዋና ነገር እሑዱን መውሰዴ ብቻ አይደለም፣ የወሰድኩበትን ሰው ይቅር ማለቴም ነው።

ሁለተኛው ፎርፌ በገዛ ሜዳቸው ደረሰባቸው። ጨዋታው ቢታ ገነት ነበር፤ ቅዳሜ፣ ገበያ። እኔ አልነበርኩም፤ ዳኛው ነው ያወራልን፣ እኛም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ጋሽ ኮቺቶ ከማለዳ ጀምረው በየፈረሱ ባለቤት እየዞሩ ሲለምኑ፣ ተማሪዎቹ ፈረሶቹን አንድ በአንድ እየጎተቱ ሲያወጡ ሜዳው ሊጸዳ ምንም አልቀረውም ነበር አለ። አንዲት ቦራ በቅሎ ብቻ ከጎሉ ፊት አልነቃነቅ አለች። ባለቤቷ ገበያ መሃል ጠፍቷል። በረኛው ገፋት፣ ተከላካዮቹ ገፏት፣ እንግዳው ቡድን ሳይቀር አዝኖ ገፋት። ሰዓቱ አለቀ፤ ዳኛው ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ልመለስ ብሎ ፎርፌ ጻፈ። ፊሽካው ሲነፋ በቅሎዋ ብቻዋን ሄደች። አዎ፣ ያስቃል። ዛሬም ያስቀኛል። በቅሎዋን እዚያ ያሰራት ግን ባለቤቷ አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ።

የአዲስ ገቢዎች ሕግ ጥብቅ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ፎርፌ የተቆጠረበት ቡድን ከሊጉ ይወጣል። ስለዚህ የቢታ ሦስተኛ ጨዋታ የመኖርና ያለመኖር ጨዋታ ሆነ። ቅዳሜ፣ ሺሺንዳ ላይ። ኮሚሽነሩ እኔ ነበርኩ። ለምን እኔ? ሺሺንዳ ከቦንጋ ወደ ዋጫ መንገድ ላይ ስለሆነች፤ ቅዳሜን ሺሺንዳ ታዝቤ፣ በማታው ዋጫ ገብቼ፣ እሑድን ከአስቴር ጋር ልውል። ይህንንም ኮምፒዩተሩ ነው ያወጣው በሉኝ።

ሰዓቱ ደረሰ። የሺሺንዳ ልጆች ማልያቸውን ለብሰው ያሟሙቃሉ። ከሜዳው ጥግ ሴቶቹ ለእንግዳ የሚሆን ቆጮና ጎመን አዘጋጅተዋል፤ በዚህ ሊግ እንግዳ ቡድን ተሸንፎም ቢሆን ሳይበላ አይመለስም። ቢታ የለም። ሕጉ ሩብ ሰዓት ጠብቁ ይላል፤ ኮሚሽነሩ ምክንያት ካለ ከዚያ በላይ መጠበቅ ይችላል። የሺሺንዳው አሠልጣኝ ራሱ እንጠብቃቸው እንጂ፣ መንገድ ላይ ናቸው አለኝ። እኔ ግን ወደ ዋጫ የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ያን ቀን ቀደም ብሎ ሊነሳ፣ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሲጣራ ይሰማኛል። ሕግ ሕግ ነው አልኩ። ሩብ ሰዓት አልቋል አልኩ። ፎርፌ ብዬ ፈርሜ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሮጥኩ።

ከሺሺንዳ ብዙም ሳንርቅ፣ አንድ ዳገት ላይ፣ አየኋቸው። ማልያቸውን ለብሰው፣ ታኬታቸውን በክሩ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በመንገዱ ዳር በሩጫ ይመጣሉ። የጫናቸው አይሱዙ ሌላ ጭነት ሊያነሳ መንገድ ላይ አውርዷቸው ኖሯል። ጋሽ ኮቺቶ ከፊት ናቸው፤ ቦቲያቸውን እንዳደረጉ፣ ፊሽካቸው ደረታቸው ላይ እየዘለለ። ሚኒባሱን አዩ፤ መስኮቱ ላይ እኔን አዩኝ። ፊታቸው በራ። ኮሚሽነሩ ሊፈልገን ወጣ ብለው ይሆናል፤ ሁለት እጃቸውን አንስተው አውለበለቡልኝ። ልጆቹም ሁሉ አውለበለቡ።

እኔ አጎነበስኩ። የጫማዬን ክር እንደሚያስር ሰው ከወንበሩ ሥር አጎነበስኩ። ጫማዬ ክር አልነበረውም። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ምን ወደቀብህ ልጄ ብለው አብረውኝ መፈለግ ጀመሩ። ሚኒባሱ አለፋቸው። እኔ ሳጎነብስ ያ ሁሉ ጎረምሳ እያውለበለበ ቀረ።

ሰኞ ዕለት የሆነውን ሰማሁ። ሺሺንዳዎች ቢታዎችን ተቀብለው መጀመሪያ አበሏቸው፣ ከዚያ እንዲሁ ለፍቅር እንጫወት ብለው ገጠሟቸው። ቢታ ሁለት ለባዶ አሸነፈ። ያን ሁሉ መንገድ ሮጠው፣ ቆጮ በልተው፣ አሸነፉ። አልተቆጠረም። ፎርፌው ተፈርሞ ነበር። ቢታ ከሊጉ ወጣ።

ጋሽ ኮቺቶ ኮሌጃቸው ፊት ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከዋዜማው መነሳት ነበረብኝ አሉ ተባለ። ተማሪዎቹ በዚያው ዓመት ተመርቀው ተበተኑ። ይህን ስጽፍ ብቻ ነው ፈገግታዬ የሚጠፋው። ሊግ ይመለሳል፣ ቡድን ይቋቋማል፤ የእነዚያ ልጆች ዓመት ግን ከየት ይመጣል? አንዱ ዛሬ አስተማሪ ነው፣ አንዱ ነጋዴ ነው፣ አንዱ አባት ሆኗል፤ በኮሌጅ ሊግ ተጫውተህ ታውቃለህ ሲባሉ ምን ይላሉ? የወሰድኩት እሑድ የእነሱ ነበር።

እኔስ? እኔ አስቴርን አገባሁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከነበረበት ብሶ የሚመጣው። የአስቴር ወላጆች የቢታ ገነት ሰዎች ናቸው። ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌ መላክ አለብኝ፤ እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ በካፋ ምድር ዘመድ የሌለኝ። የማያውቁትን ሽማግሌ አባቷ ቁጭ በሉ አይሉም። ማንን ይሰማሉ ብዬ ብጠይቅ ሁሉም አንድ ስም ጠራልኝ፤ ጋሽ ኮቺቶን። ሄድኩ። ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ፤ ካፖርታቸውን ለብሰው ሊቀድሙኝ ምንም አልቀራቸውም። አንገታቸው ላይ ፊሽካው አልነበረም። አየሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ።

ሽማግሌዎቹ በካፊኖኖ ነው የተነጋገሩት። አስቴር ከጓዳ ሆና የሰማችውን ኋላ እየሳቀች በአማርኛ ነገረችኝ። አባቷ ይህ ልጅ እውነተኛ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ኮቺቶም መለሱ።

"የኔን ቡድን በሕግ ከሊጉ ያስወጣ ልጅ ነው። ለኔ ያላደላ ለማን ያደላል?"

አባቷ በዚህ አመኑና ልጃቸውን ሰጡኝ። አስቴር ይህን ስትነግረኝ አብሬያት ሳቅኩ። አያችሁ? ትዳሬ የቆመው በዚያች ቃል ላይ ነው፤ ቃሏ ደግሞ የቆመችው በእኔ ውሸት ላይ። ስንት ዓመት ሙሉ ደስተኛ ባል ነኝ። ደስታዬን ግን የሰጡኝ ሰው የጎዳኋቸው ሰው ናቸው፤ ያውም አድንቀውኝ።

ታዲያ ዛሬ ምን አስለፈለፈኝ? ሊጉ እንደገና ሊሰፋ ነው። አሥር ኮሌጆች ይሆናሉ፤ ቢታ እንደገና አመልክታለች፤ መርሐ ግብሩን የሚያወጣው ያው እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ኮቺቶ ደወሉልኝ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ግን ኮሌጁ ለምኗቸው ሊመለሱ ነው። ፊሽካዬን ከሣጥን አውጥቼ አጠብኩት አሉኝ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። ስለ እሑድ አንድ ቃል አላነሱም። የለመኑኝ ሌላ ነገር ነው፤ አሁን አዳዲስ ሰዎች ሊጉ ውስጥ ስለገቡ ሰው በእጁ እንዳይነካው፣ እንደ ድሮው ለማሽኑ ስጠው አሉኝ።

እሺ ጋሽ አልኩ። ስልኩ ሲዘጋ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት።

እዚህ ድረስ ጽፌ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ፤ ስመለስ አስቴር ወንበሬ ላይ ተቀምጣ እያነበበች ነው። የሒሳብ መምህርት ስለሆነች ከላይ እስከ ታች ሳትዘል ነው የምታነበው። ቆሜ ጠበቅኳት። በቅሎዋ ላይ ስትደርስ ሳቀች። ሚኒባሱ ላይ ስትደርስ ሳቋ ቆመ። ጨርሳ ቀና ስትል ለመሸፋፈን ለአንቺ ብዬ እኮ ነው አልኳት። ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር።

"ለእኔ?" አለች። "የኤክስቴንሽን ክፍሌ እኮ ረፋድ ላይ ነው የሚያልቀው። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም ነበር። ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

ጠይቄያት አላውቅም። አንድ ጊዜ እንኳ። ቅዳሜ አስተምራለሁ ስትለኝ ቀኑን ሙሉ መስሎኝ፣ ያን ሁሉ ወንጀል የሠራሁት በከንቱ ነበር። ዋጫ ቅዳሜ ትጫወት፣ ቢታ እሑድ፤ እኔም አስቴርን አገኛት ነበር፤ ማንም ምንም አያጣም ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ። ስለዚህ ፍቅር አሳወረኝ ብዬ እንኳ ማምለጥ አልችልም፤ የወደድኳትን ሴት ስለ ቀኗ ያልጠየቅኩ ሰው ነኝ። እዚያ ቆሜ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ? እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ተቆጣች፤ ከዚያ እንደገና ሳቀች፤ ከዚያ ሳህኖቹን ስታጥብ ድምፃቸው ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ኋላ እጇን እያደራረቀች መጣችና ፍርዱን ሰጠች። የአገሬ ልጆች ናቸው፤ አባቴ በሽማግሌው ቃል ነው የሰጠኝ፤ ስለዚህ በስልክ አይሆንም፣ በጉባኤ ፊት ከመናገርህም በፊት ቢታ ሄደህ ለጋሽ ኮቺቶ በአፍህ ትናገራለህ አለችኝ። መቼ ብላት ቅዳሜ አለች። ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው፣ መኪናው ሁሉ የነጋዴ ነው፣ የምሳፈርበት አላገኝም አልኳት። ካልኩ በኋላ ነው የተናገርኩት የገባኝ።

አዲሱን መርሐ ግብር ትናንት ጨርሻለሁ። በእርሳስና በላጲስ ነው የሠራሁት፤ ከግርጌው ያወጣው ሰው ብዬ ስሜን ጽፌበታለሁ። የቢታ ጨዋታ ሁሉ እሑድ ነው። ይህ ካሳ አይደለም፤ የነሱው ነው። ይቅርታ ይገባኛልም አልላችሁም። ሕጉን አላውቅም ነበር አልላችሁም፣ ወጣት ነበርኩ አልላችሁም፣ ኮምፒዩተሩም ምንም አልሠራም፤ ምስኪኑ ማሽን የጻፍኩትን ከማተም በቀር ዓመቱን ሙሉ በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ጋሽ ኮቺቶ ቢቆጡኝ ልክ ናቸው። ይቅር ካሉኝ ደግሞ፣ አውቃቸዋለሁና ይቅር ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ፣ እሱ ይብስብኛል።

ነገ ቅዳሜ ነው። በማለዳ ተነስቼ ከነጋዴዎቹ ጋር ተጋፍቼ፣ ማዳበሪያ ላይም ቢሆን ተቀምጬ እሄዳለሁ። መኪናው መንገድ ላይ ካወረደኝ የቀረውን በእግሬ እሮጣለሁ። በመንገዱ ዳር የማውቀው ሰው አይቶ እጁን ቢያውለበልብልኝ ቀና ብዬ አውለበልብለታለሁ።